ደጃፌ ላይ ስለተገኘው የወንድ ጫማ

ይድረስ፦ ለሥራ ላይ ጉዳት ካሣ መሥሪያ ቤት፣ ለተተኪዎች አበል ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ፊርማዎ ሲጠበቅበት የሚውለው ያ ሰፊ ጠረጴዛ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለቤትዎ ማታ ኮቴዎን ሰምተው በር የሚከፍቱ ዕድለኛ መሆናቸውን ስለምገምት፣ ያንን ኮቴ ፈጣሪ አያሳጣቸው ብዬ ከልቤ እመርቃለሁ። እኔ ብረት በያጅ የነበረው ባሏ ካቻምና ከሕንፃ የብረት መወጣጫ ላይ ወድቆ የሞተባት፣ በእርስዎ መዝገብ ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ ከሌላ ወንድ ጋር በትዳር ትኖራለች የተባለች ሴት ነኝ። ሠርጌን ከእናንተ በቀር የሰማ ስለሌለ፣ አበሌን ያቋረጠውን ደብዳቤ እንደ መጥሪያ ካርድ ቆጥሬ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። የላኩት ሰው ማለዳ መጥቶ፣ በሬን ሳያንኳኳ፣ እኔንም ሳይጠይቅ፣ ደጃፌ ላይ ተወልውሎ የተቀመጠ ጥቁር የወንድ ጫማ አይቶ፣ ሰፈሩ "ሬዲዮ" የሚላትን ጎረቤቴን አነጋግሮ ተመለሰ። ሬዲዮ አልዋሸችም፤ ጫማው ሲመሽ እንደሚታይና ሲነጋ እንደሚጠፋ ያየችውን ተናገረች። ጫማው ውስጥ እግር አይታ እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለቃሚው የመንግሥት ደመወዝ እንደሚከፈለው ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጫማው። ባሌ የሞተ ዕለት ጠዋት የሥራ ቦት ጫማ ሊያደርግ አውልቆ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የተወው የራሱ ጫማ ነው። ቀጣሪው ድርጅት ከቀበቶውና ከቤት ቁልፉ ጋር በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ። ቦት ጫማው ግን የድርጅቱ ንብረት ነው ተብሎ ከእግሩ ላይ ወልቆ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ለጫማ ይህን ያህል የሚሳሱ ሰዎች የመወጣጫውን የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው እንዴት አጡ ብዬ አልጠይቅም፤ እሱን ሌላ ክፍል ጠይቂ እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

ለቀስተኛው በተበተነ ሰሞን አንድ ሰው የበሬን እጀታ ሲነካካ ሰምተን ሦስት ሴቶች፣ እኔ፣ ልጄና አማቴ፣ ተቃቅፈን ቁጭ እንዳልን ነጋ። በማግሥቱ አማቴ፣ አንድ ልጇን የቀበረች አሮጊት፣ ወንድ ያለበት ቤት ይምሰል ብላ ጫማውን ደጃፉ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ እኔ እወለውለዋለሁ፤ ሲመሽ አወጣዋለሁ፣ ሲነጋ አስገባዋለሁ፤ ሰው የሚያደርገው እንዲመስል አንድ ቀን አፍንጫውን ወደ በሩ፣ አንድ ቀን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። ስወለውለው እጄን ወደ ውስጥ እሰድና የጣቶቹን ጉድጓድ እዳብሳለሁ። ይናፍቀኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህም በደንባችሁ አበል የሚያስቀር ከሆነ ይመዝገብልኝ። ጫማው የተቀመጠው ሌባ እንዲያምን ነበር፤ ከሌቦቹ ቀድሞ ያመነው የእርስዎ መሥሪያ ቤት መሆኑ ብቻ አስደንቆኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ እምነታችሁ። የባሌን ሞት ለማስረዳት ሐኪሙ ጽፎ፣ ፖሊሱ ፈርሞ፣ ሬሳውን የተሸከሙት ሁሉ መስክረው አልበቃ ብሎ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቻችኋለሁ። አዲስ ባል ማግባቴን ለማመን ግን ባዶ ጫማ በቃችሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የአዲሱ አባወራ ማንነት እስኪጣራ ተብሎ የልጄም ድርሻ ታገደ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ሬዲዮ እናትሽ ቤት ወንድ ገብቷል ተባለ ስትላት እየሮጠች መጣች፤ አባዬ መጣ እንዴ ብላ ጓዳውን አየች፣ ከመጋረጃው ኋላ አየች፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ገብታ ፈለገችው። ያን ዕለት ረግሜዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አከራያችን ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድንለቅ ነግራናለች። ብለምናት፣ አዲሱ ባልሽ ይክፈላ አለችኝ፤ የእናንተ ቃል እንዲህ ይታመናል። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪዎ ተመልሶ ይምጣ፣ በሩን ያንኳኳ፣ ይግባ፣ ያለችንን አንድ አልጋና የሚተኙባትን ሦስቱን ሴቶች ይይ፣ ያየውንም ይጻፍ። ወሩ ሳያልቅ ካልመጣ ግን የሚያንኳኳው በር አይኖርም።

ሳልዳር ስለዳሩኝ፣ ባሉን ግን ስላላሳዩኝ ታላቅ ውለታዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ለሰው ሁሉ መበለት፣ ለቢሮዎ ብቻ ሙሽራ፣
የበያጁ ሚስት

ግልባጭ፦
ለሬዲዮ (ሰፈሩ በቶሎ እንዲያውቀው)

ታክሎ የተጻፈ፦ ጫማውን ለምርመራ እንዲሆን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፤ ለዛሬ ማታ በሬን በአልጋው እደግፈዋለሁ። ባለጫማውን ካገኛችሁት እባካችሁ ወደ ቤቱ ላኩልኝ፤ እስካሁን የበላሁትን አበል አንድ ሳንቲም ሳላስቀር እመልሳለሁ። ያኔ ያመጡልኝ ባዶ እግሩን ነበርና፣ አሁን ስትልኩት ጫማውን አድርጉለት።