ስለ እትዬ አምፖል ዕረፍትና ስለ ሰባተኛው ዓመት መዝገብ እርማት

የሽቦ አልባ ግንኙነት ቤተ ሙከራችን መሥራችና የረጅም ዘመን ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ አምፖል እያልን የምንጠራቸው መምህራችን፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የሠራተኞች፣ የተማሪዎችና የአስተዳደሩ ሀዘን ከባድ ነው። ክፍላቸው ዛሬም እንደተዉት ነው፤ መነጽራቸው መዝገቡ ላይ፣ ሹራባቸው ወንበሩ ላይ።

ስሙ የወጣላቸው መብራት ሳያጠፋ የወጣን ሰው እስከ ደጅ ተከትለው ስለሚመልሱ ነው። መጀመሪያ በሐሜት ነበር የሚነገረው። እሳቸው በሰሙ በሳምንቱ ግን ለግምጃ ቤት የላኩትን የዕቃ መጠየቂያ “እትዬ አምፖል” ብለው ፈረሙበት። ግምጃ ቤቱም ምንም ሳይጠይቅ ዕቃውን አወጣ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ በአየር የሚሄድ ምስጢር ላልተላከለት ሰው እንዳይደርስ ምን ይደረግ? የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳ አይገታውም፤ ጎረቤትም ይቀበለዋል። ብርሃን ግን ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መልእክቱን ለሁለት ከፈሉት፤ እኩሌታው በሬዲዮ፣ እኩሌታው ደግሞ ዓይን በማይለየው የጣሪያ መብራት ብልጭታ እንዲሄድ አደረጉ። ሁለቱን ገጥሞ ማንበብ የሚችለው ክፍሉ ውስጥ ያለ ብቻ ነው። “ቁልፍ ይሰረቃል፤ የቆምክበትን ቦታ ግን ማን ይሰርቅሃል?” ይሉ ነበር።

ቤተ ሙከራው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ የነበረችውን ክፍል ተረክበው ጠረጴዛዎቹን በገዛ እጃቸው ቀለም ቀቡ። የመጀመሪያው መላኪያ ከብስክሌት መብራት ተፈትቶ የተሠራ ነበር። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቃል ለማድረስ አራት ወር ፈጀ። ቃሉ “አለሁ” የሚል ነበር።

በአራተኛው ዓመት የሐሙስን ፈተና ጀመሩ። ክፍሉ ውስጥ መልእክት ሲላክ አንድ የጥገና ሠራተኛ መተላለፊያው ላይ፣ ከበሩ ውጭ ባለው የእንጨት ወንበር ተቀምጦ፣ መቀበያ ይዞ ለመስረቅ ይሞክራል። ሌባችን ይሉት ነበር። “አንተ ሌባ፣ ዛሬስ ምን ለቀምክ?” ሲሉት፣ “እትዬ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ወሬ በቀር ምንም” ይላቸዋል። “እሱንም ጻፈው፤ የሾለከ ሁሉ ይጻፋል” ይሉታል። የዚያ ዘመን መዝገቦች ዛሬ ሲገለጡ ከቁጥሮቹ መካከል የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ይገኛል።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ሆስፒታል የሕሙማኑን ውጤት በአንድ ክፍል ውስጥ ከአልጋ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ለመላክ የእሳቸውን ዘዴ መረጠ። የመጨረሻው ፈተና መዝገብ “ምንም አልተሰማም” ይላል። ሥራው ጸደቀ፣ ጽሑፉም ታተመ። ከአምስት ሳምንት በኋላ እትዬ አምፖል ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው ውጤቱን ሰረዙ። ብርሃኑ ከበሩ በላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ወጥቶ በመተላለፊያው ነጭ ግድግዳ ላይ ይነጥር ነበር፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም እኩሌታ መልቀም ይችል ነበር። በደብዳቤው ላይ “ስሕተቱ የእኔ ነው” አሉ እንጂ የማንንም ስም አላነሱም። የዚያ ዓመት የማዕረግ ዕድገታቸው ታገደ። በግል ማኅደራቸውም “የቁጥጥር ጉድለት” የሚል ቃል ሰፈረ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተነሣም።

ቤተ ሙከራው ይህን መዝገብ ዛሬ ያርማል። ጉድለቱ የእሳቸው አልነበረም።

በዚያ ሐሙስ ወንበሩ ላይ የነበረው ሠራተኛ ባለቤቱ በጠና ታማ ተኝታበት ነበር። መቀበያውን ጭኑ ላይ አኑሮ ፊቱን ወደ መተላለፊያው መስኮት አዙሮ ዋለ። ምንም አልተሰማም ብሎ የጻፈው ሐሰት አይደለም፤ አላዳመጠምና። ባለቤቱን ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ ጸሎቱ አልሄድ ቢለው መጥቶ ነገራቸው። እሳቸውም “በዚያ ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። በል ወንበሩን አምጣ፣ እንደገና እንፈትን” አሉት። መስታወቷ የተገኘችው በዚያው ቀን ነው።

ይህን መግለጫ እንዲያረቅ የታዘዘው ያው ሠራተኛ ነው። ነገሩን ለአስተዳደሩ የተናገረው ደግሞ በዚህ ሳምንት ነው። እሳቸው “ያለፈ ነው፣ ተወው” ባሉት ቁጥር ቃላቸውን እንደ ጥላ ተጠልሎበት አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል። በሕይወት ሳሉ መደረግ የነበረበት እርማት መሆኑን ያውቃል፤ አስተዳደሩም በጊዜው ሳይጠይቅ በመፍረዱ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ይህ አንቀጽ እንዳለ እንዲወጣ የተወሰነው ስለዚህ ነው።

ያቺን መስታወት ቀለም መቀባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። እትዬ አምፖል ግን “ነገ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ መስታወት አለ” ብለው እምቢ አሉ። በዘጠነኛው ዓመት ከመልእክቱ ጋር ትርጉም የለሽ ብልጭታ ደባልቀው መላክ ጀመሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው መቀበያ ብልጭታውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነጥሎ ይጥለዋል፣ ውጭ ለተቀመጠ ሌባ ግን እህሉና ገለባው አንድ ይሆንበታል። ሆስፒታሉ ዛሬም በዚሁ ይሠራል። መስታወቷም ሳትቀባ አለች።

ለወላጅ እናታቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸው፣ እንደ ልጅ ላሳደጓት የእኅታቸው ልጅ፣ በእጃቸው ላለፉ ተማሪዎች ሁሉ ፈጣሪ የማይጎድል መጽናናት ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም በብርሃኑ ያሳርፍ። “የቁጥጥር ጉድለት” የሚለው ቃል የተሰረዘበት ደብዳቤ ለእናታቸው በእጅ ይሰጣል።

በመጪው ሐሙስ ጠዋት በክፍላቸው ያ የብስክሌት መብራት ተሰክቶ የመጀመሪያውን ቃል ያለ ምንም መሸፈኛ ብልጭታ ይልካል። ወንበሩ መተላለፊያው ላይ ይቀመጣል። ሌባቸውም መቀበያውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ነጩ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፤ የሰማውንም ይጽፋል።