ስለ ሾላው ሞትና ስለላኩልን ስኳር

ለተከበሩ የኮረብታው ድንጋይ ማውጫ ሥራ አስኪያጅ፣
ሐረር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከቤቴ ግድግዳ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሜ ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። «የኒውክሌር ቦምብ እንኳ ከመሬት በታች ሲፈነዳ ላይ ያለው ሣር አይነቃነቅም፤ የእኛ ድማሚት ምን ያደርጋል?» ብለውን ነበር። እኔን ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህር ወልደ ጊዮርጊስ ስንፍናን በማስመሪያ የሚቀጡ ሰው ስለነበሩ፣ ይህን መልስ የሚያሳልፉት አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ቦምብ በጥልቅ ሲፈነዳ ዐለቱን አቅልጦ ባዶ ዋሻ ይተዋል፤ የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስም ላይኛው ምድር እንደ ገበቴ ይሰረጉዳል፣ ይሰነጠቃል፤ የበቀለበትም ቁጥቋጦ አብሮ ይሄዳል።

እርስዎ ቦምብ ስለሌለዎት ፈጣሪን እያመሰገንኩ፣ ባለዎት የሠሩትን ልዘርዝር።

፩ኛ፤ ከቡና ማሳዬ በላይ ያለው የኮረብታው ትከሻ ተሰንጥቆ ወደ ታች ሰምጧል። አባቴ ዕድሜውን የፈጀበትን እርከን በአንድ ጠዋት ስለበተኑት ፍጥነትዎን አደንቃለሁ።

፪ኛ፤ የምንጩ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ጠፍቷል። ቡናው ቅጠሉን አራግፎ የቀረኝ የታችኛው መደዳ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ ከምንጩ ራስ ላይ የነበረው ሾላ እንደ ቆመ ደርቋል።

ሾላው የሁላችን ታላቅ ነበርና፣ በደስታና በሐዘን የምንረዳዳበት፣ አፎቻ የምንለው የሴቶች ማኅበራችን ከሥሩ ለቅሶ ተቀመጠ። ጥበቃዎ ማን እንደሞተ ቢጠይቅ፣ ጎረቤቴ ሰዐዲያ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ አለቃህ በደንብ ያውቀዋል» አለችው። በማግሥቱ ከቢሮዎ አንድ ጆንያ ስኳርና «በታላቁ አባታችን ድንገተኛ ኅልፈት» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት የሐዘን መግለጫ ደረሰን። አላህ ይስጥልን። አንድ ቃል ብቻ ይታረም፤ ቀኑን የቆረጡት እርስዎ ስለነበሩ ድንገተኛ አይባልም።

አሁን ደግሞ ሰኞ ከታችኛው መደዳ አጠገብ እንደሚያፈነዱ ሰምቻለሁ። የምተዳደርበት የመጨረሻው ቡና እርሱ ነውና፣ እንዲተዉልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለዕውቀትዎ መስፋት ዘወትር ዱዓ የማደርግልዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎም ጽኑ መሠረት የምመኝ፣
ነጂባ አብዱልፈታ
ከጀጎል

ከፊርማ በኋላ፦ ሰኞ ማለዳ አፎቻችን ድማሚቱ በሚቀበርበት ጉድጓድ ዙሪያ ምንጣፍ አንጥፎ ይሰበሰባል። የምንነጋገረው ብዙ ነው። ከመካከላችን ትንሿ ሰባ ዓመቷ ስለሆነ፣ ሊያስነሣን የሚልኩት ሰው ጠንካራ ጀርባ ይኑረው።