ቁጥር ስድስት ክፍልን ስለወሰዱልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እኛ ባለጉዳዮች በመጣን ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ በትዕግሥት ለሚሸኙን ሠራተኞችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ማሪቱ ካሳው እባላለሁ፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህችው ከተማችን የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስምዎን በአደባባይ መጥራት ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ። ደብዳቤውን የሚያነቡት ወላጆች እንደሆኑ ያውቁዎታል።

በግልጽ የጻፍሁትም ላሳፍርዎ አስቤ አይደለም። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ስለቀረ፣ አራተኛው ብዙ ሰው እያየው ቢሄድ ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የልጄ የትርሲት ነው። ትርሲት ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። በአፏ አትናገርም። ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፤ የለመደችው ነገር ከቦታው ሲነሣ ቀኑን ሙሉ ትረበሻለች። እስከ አምስት ዓመቷ ድረስ ውኃ ይጥማት ወይም ሆዷን ይመማት፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ ሁሉም ያው ጩኸት ነበር። ጎረቤቶቼም ለእኔ አስበው «ቤት ብትዘጊባት ይሻልሻል» ይሉኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት እርስዎ ራስዎ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቁጥር ስድስት በሚባለው ክፍል በር ላይ ሪባን ቆርጠው የልዩ ፍላጎት ክፍል ከፈቱልን። መቀሱ ከእኔ ሱቅ የተወሰደ ስለነበር ቀኑን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዘጠኝ ልጆች ገቡ፤ መስማት የማይችሉ፣ መራመድ የሚቸግራቸው፣ አእምሯቸው ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ እና የእኔዋ ትርሲት። መምህርታቸው ስሜነሽ ትባላለች፤ ይህንኑ ሙያ ኮሌጅ ገብታ ተምራ የመጣች ወጣት ናት። ከካርቶን ካርዶች ቆርጣ፣ በየካርዱ ላይ ሥዕል ሥላ ግድግዳው ላይ ደረደረችላቸው፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዱ ጨዋታ፣ አንዱ «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ትርሲት አራት ወር ሙሉ ካርዶቹን ከማየት በቀር አልነካቻቸውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርቷ እየሮጠች ሱቄ ድረስ መጣች።

«እትዬ ማሪቱ፣ ልጅዎ ውኃ ጠየቀችኝ! ካርዱን አንሥታ እጄ ላይ አኖረችው!» አለችኝ።

በዚያ ቀን የአንድ ሰው ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ባለፈው መስከረም ቁጥር ስድስት ክፍልን ወስደው የተሰበሩ ዴስኮች ስላስቀመጡበት አመሰግናለሁ። ዴስኮቹ ሁለት ክረምት ሙሉ ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታቸው አይቼ እኔም አዝኜላቸው ነበር። ለእንጨት እንዲህ የሚራራ ኃላፊ በየትም አይገኝም። ግድግዳው ላይ የነበሩት ካርዶች ክፍሉ ሲጸዳ ከቆሻሻው ጋር አብረው ተቃጥለዋል፤ ንጽሕናንም እንደሚወዱ በዚህ ተረድተናል።

ሁለተኛ፣ መምህርት ስሜነሽን ከጥሊሊ ወዲያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት አዛውረው አራተኛ ክፍል ሒሳብ እንድታስተምር ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በከተማችን የእነዚህን ልጆች ትምህርት የተማረች ሌላ ሰው ስላልነበረች፣ ከብዙዎች መካከል ለመምረጥ አልተቸገሩም።

ሦስተኛ፣ ነገሩ ስላልገባኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ በገዛ አፍዎ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ምንም እንኳ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ብበልጥዎ፣ እንደ ታናሽ እህት ቆጥረው «አንቺ» ብለውኛል።

«አንቺ፣ አካቶ ትምህርት ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጆቹን ነጥሎ ማስቀመጥ ቀርቷል። ከእንግዲህ ልጅሽ ከሌሎቹ ጋር እኩል ናት» አሉኝ።

ልጄ እኩል መሆኗን ከመንግሥት ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱም ትርሲት እሷን ጨምሮ ሰባ ስምንት ልጆች ያሉበት አንደኛ ክፍል ገባች፤ ከኋላ፣ አራት ልጆች በተቀመጡበት ዴስክ ላይ አምስተኛ ሆነች። አካቶን እኔ አልጠላም። መምህርት ስሜነሽ እንደነገረችኝ ከሆነ ግን አካቶ ማለት ረዳት መምህርም፣ የሚረዱ ዕቃዎችም፣ ፋታ የሚወስዱበት ጸጥ ያለ ክፍልም አብሮ መኖር ነው። እርስዎ ልጆቹን አስገብተው የቀረውን ለፈጣሪ ትተውታል። ይህም እምነትዎ የጸና መሆኑን ያሳያል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። የሚከተለውን ግን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም፤ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ፊደል እየቆጠረ ሳለ ትርሲት ጆሮዋን ይዛ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቁጥር ስድስት ነው። በሩን ደበደበች፤ የሚከፍት አልነበረም። ከዚያ በዋናው በር ወጥታ አስፋልት ላይ ቆመች። ይኸነው የሚባል ጋሪ ነጂ ሲደርስ፣ ከወዲህ ሚኒባስ ከወዲያ የጭነት መኪና እየመጣ፣ እሷ መሐል መንገድ ላይ ዐይኗን ጨፍና ቆማለች። ፈረሱን ጋሪውን እንደጎተተ አግድም አቁሞ መንገዱን ዘጋ። መኪኖቹ ቆሙ። ከዚያም ጋሪው ላይ አስቀምጧት በየሱቁ በር እየቆመ ጠየቀ።

እኔ በር ላይ ሲደርስ አንገቴን ደፍቼ እየሰፋሁ ነበር።

«እታለም፣ ይቺ ልጅ የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ቀና ስል ትርሲት ናት። ከቤት ያደረግሁላት ሹራብ የለም፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እኔ ትምህርት ቤት ናት ብዬ ተቀምጫለሁ። ይኸነው ፊቴን አይቶ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አልሆነችም። የፈረሱን ኮቴ ስትሰማ ጸጥ ብላልኛለች» አለ። ላመሰግነው አፌን ከፍቼ ቃል አልወጣልኝም፤ በዚያች ሰዓት የልጄን ነገር ከምንጊዜውም በላይ ተረድቻለሁ።

ልጄን አዝዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥሁ። መምህሩን «ትርሲት የት አለች?» ብዬ ስጠይቀው ስም መጥሪያውን ገልጦ «አለች» አለኝ። ጀርባዬ ላይ መሆኗን አላየም። እሱን አልወቅሰውም፤ ሰባ ሰባት ሌሎች ልጆች ነበሩበት። በእርስዎ መዝገብ እንግዲህ ልጄ ያን ቀን አልጠፋችም፤ ለዚህም ማስረጃ አለ። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ትርሲትን ቤት አስቀረኋት። እንደ በፊቱ መጮህ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ግን ሱቄን ዘግቼ፣ ልጄን ይዤ፣ በሚኒባስ ጥሊሊ ወረድሁ፤ ከጥሊሊ ወዲያ ያለውን በእግር ሄድን። መምህርት ስሜነሽ ከተከራየችበት ቤት ደጃፍ ላይ ልብስ እያጠበች አገኘናት። ትርሲት ሄዳ የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። መምህርቷ የሳሙናውን ካርቶን ቀደደችና ብርጭቆ ሣለችበት። ትርሲት ካርቶኑን ተቀብላ መልሳ እጇ ላይ አኖረችላት። ውኃ ጠጣች። ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ሁለታችን አለቀስን።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እርስዎ ቤት ብቻ ይፈልጉ» አለችኝ።

እድራችን የዕቃ ቤቱን ሰጠን። ድስቱንና የድንኳኑን ምሰሶ ወደ አንድ ጥግ ገፋነው። ከዘጠኙ ልጆች ሰባቱ ተመልሰው መጡ። መስማት የማትችል ልጅ ያለችው ሽባባው የሚባል ገበሬ በየቅዳሜው የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይዟት ይመጣል። እሱ ከአማርኛው አገውኛው ይቀናዋል፤ አሁን ግን ከልጁ ጋር በእጅ ምልክት ሲያወራ ሁለቱንም ቋንቋ የረሳ ይመስላል። በሌሎቹ ቀናት እኛ እናቶች መምህርቷ ባሳየችን መንገድ በየተራ እናስተምራለን። ትርሲት አሁን ዐሥራ አንድ ካርዶች ታውቃለች።

መጋቢት ላይ እርስዎ እንግዶችና የካሜራ ባለሙያ አስከትለው ሲመጡ መደነቃችንን አልደብቅም። ከእድራችን ታፔላ ሥር ቆመው፣ «ይህ ጽሕፈት ቤታችን ከኅብረተሰቡ ጋር በመቀናጀት ያቋቋመው የቅዳሜ ማዕከል ነው» ብለው ሲያስረዱ፣ ማን እንዳቋቋመልን ስላወቅን በጣም አመሰገንን። ንግግርዎ ረዘም ያለ ነበር። ትርሲት ከወንበሯ ተነሥታ፣ ከግድግዳው አንድ ካርድ አውርዳ እጅዎ ላይ አኖረችው። እንግዶቹ ተደስተው «ምን ማለቷ ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህርት ስሜነሽ ፊቷ ቀልቶ፣ «ጨርሻለሁ ማለት ነው፤ ይበቃኛል ማለቷ ነው» አለች። እርስዎም ካርዱን ከፍ አድርገው ፎቶ ተነሡ።

ልጄ ለማታውቀው ሰው ካርድ ስትሰጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ዕድል ስለፈጠሩላት የማመሰግንዎ ግን ከልቤ ነው፤ በዚህ ላይ አልቀልድም።

ፎቶው በሪፖርትዎ ሽፋን ላይ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያው ከጽሕፈት ቤትዎ ለመምህርት ስሜነሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ጥፋቷ «ከምደባ ቦታዋ ውጭ ያለ ፈቃድ ማስተማር» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አልመጣችም። ትርሲት ከጠዋት ጀምሮ የእድሩ ቤት በር ላይ ተቀምጣ እስከ ቀትር መንገዱን ስታይ ዋለች። ቅዳሜ መሆኑን በምን እንደምታውቅ አላውቅም። ላስገባት ስሞክር እጄን ገፋችው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሥራ ላለማብዛት ጥያቄአችንን አሳጥረነዋል፤ ማስጠንቀቂያው ይነሣልን፣ መምህርታችን ትመለስልን፣ ቁጥር ስድስት ክፍል ይከፈትልን። የዴስኮቹ ነገር እንዳያሳስብዎ፤ ሽባባው አናጢነት ስለሚችል ጠግኖ ያስረክብዎታል። ያን ጊዜ አካቶውንም ከመምህርቷ ጋር ተመካክረን፣ ልጆቹ በየአቅማቸው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እንዲገቡ እናደርጋለን።

መልስዎ እስኪደርሰን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። መምህርት ስሜነሽ ትናንት ደውላ ነበር። «እትዬ ማሪቱ፣ በዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ። ማስጠንቀቂያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ብዙም አይከብድም» አለችኝ። እኛም ቤቱን ጠርገን እንጠብቃታለን። ሊቀጡ የሚፈልጉ ከሆነ ሁላችንንም እዚያው በአንድ ቦታ ስለሚያገኙን አይደክሙም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ሪፖርትዎ እንዲያምር፣ ፎቶዎ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከልብ የምመኝ፣ በእርስዎ ቸርነት ከልብስ ሰፊነት አልፌ መምህርት ለመሆን የበቃሁ፣

ታዛዥዎ
ማሪቱ ካሳው
ከሰባት ልጆች ወላጆች ፊርማ ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ እንዲሰጥ የመረጥነው አበረ የተባለውን አባት ነበር። ልጁን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ እስከ ሕንፃዎ በር ድረስ መጥቶ ነበር፤ ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና ከደረጃ በቀር መውጫ ስለሌለው ከዚያ ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ ጨምረንበት፣ ደብዳቤውን ምድር ቤት ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። እኛ መውጣት ስላልቻልን፣ እርስዎ እንዲወርዱ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።