አልደርቅ ያለው ሻርፕ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ከሁሉ በላይ ዐይንሽ እንዴት ነው? እህቴ ይህን ስታነብልሽ አንዲት መስመር እንዳትዘልብሽ አደራ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ዕረፍት የለውም።

"ጨርሻለሁ፣ በቅርቡ እመጣለሁ" ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ያመጣኝ ነጋዴ የሟች እናቱን መልክ በዘይት ቀለም እንድሥልለት ቀጥሮኝ፣ ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። "ሥዕሉ ደርቆ ሲሰቀል ትወስደዋለህ" አለኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ልወጣ ስል ዘበኛው "ወዴት?" ይለኛል፤ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ቀለሞቼ አራት ብቻ ናቸው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ አፈርና ቀይ አፈር። የእናቱ ፎቶግራፍ ስለደበዘዘ የፊቷን ቀለም ያንቺን ሰጠኋት። ቀዩን ከቢጫው ለውሼ ጉንጯ ላይ ሳሳርፈው ቁጭ አንቺን! ነጋዴው ሲያየው "እማዬ!" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ላንቺ ነበር።

ያበላሸሁት ሻርፗን ነው። ጥቁር ቀለም ከሁሉ ዘግይቶ እንደሚደርቅ እያወቅሁ፣ እንዲያምር ብዬ ዘይት አብዝቼ ወፍራም አድርጌ ለጠፍኩት። ይኸው አምስት ወሩ! ነጋዴው ቅዳሜ ቅዳሜ ይነካውና የጠቆረ ጣቱን ያሳየኛል። "ገና ነው" ብሎ ይሄዳል። ራሴን በገዛ እጄ አሰርኩ፣ እማዬ። ባለፈው አላስችል ብሎኝ ጥቁሩን ሙልጭ አድርጌ ፍቄ በስሱ ቀይ አፈር ቀባሁት፤ በጥቂት ቀን ደረቀ። ነጋዴው ነክቶ ጣቱን አየ፤ ንጹሕ ነው። "እናቴ ከጥቁር ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ መልሰው" አለኝ። መለስኩት። እሱም የአባቱን ፎቶግራፍ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

እህቴ እንደጻፈችልኝ "ልጄ ሳይመጣ ዐይኔን አላስነካም" ብለሻል፤ ሐኪሙ ደግሞ ከዘገየ አይድንም ብሏል። እማዬ፣ አትጠብቂኝ። መቼ እንደምለቀቅ አላውቅም። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው ስዋሽሽ የከረምኩት። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። ፀጉሬ ሸብቷል፤ የመጣሁ ቀን በዐይንሽ አይተሽ ተቆጪኝ።

አባባን እህቴ ጉልበቱን ትሳምልኝ። ታናሽ ወንድሜን በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል በይልኝ። አክስቴ "አገባ ወይ?" ካለች "ከአንዲት ሟች ሴትዮ ጋር ተቆልፎበታል" በያት። እህቴን ግን፣ ነገ እጅሽን ይዛ ሳትወስድሽ ሰላም አልላትም።

ልጅሽ፣
ከሥዕሉ ክፍል
መጋቢት 9 ቀን