የጋሽ አንጁሎ ቱርቦ

ማክሰኞ

የቱርቦው ብሎን ተሰበረ። ሌሎቹ ሁሉ እሺ ብለው ከወጡ በኋላ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ገፋ ባደርገው ጠሽ! አለና ጭንቅላቱ እጄ ላይ ቀረ። ጋሽ አንጁሎ ማንጎው ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ከት ብለው ሳቁ። «መምህር፣ ፊዚክስ ይህን ምን ይለዋል?» አሉኝ። ፊዚክስ ምን እንደሚለው አውቃለሁ፤ ለእሳቸው ግን አልነግራቸውም።

እስኪ ልጻፈው፤ ንዴቴ ይበርድልኝ እንደሆነ። ሰናይትን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ጋሽ አንጁሎ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናገዱና እሺም እንቢም ሳይሉ፣ «እጁ ይሠራ እንደሆነ ልየው። ግቢዬ የቆመችውን መኪና ጨንቻ ድረስ ያውጣልኝ፤ ያኔ እናወራለን» ብለው ሸኟቸው። መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ናት፤ ለሞተሩ አየር የሚገፋ ቱርቦ ያላት። ከደጋው ከጨንቻ ፖም፣ ከቆላው ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ ሲጭኑባት ኖረዋል። አሁን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። አንድ ቀን ወደ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርዳ ወደ ላይኛው ሴቻ መውጣት አቅቷት ተጎትታ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። የራሴን ሞተር ሳይክል ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁ። የቀረውን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ጊዜ አለኝ። ጋራዥ ልውሰዳት ብላቸው «ጋራዥማ እኔም እወስዳት ነበር» አሉኝ። ስለዚህ እዚሁ ሴቻ፣ እሳቸው ግቢ፣ እሳቸው እያዩኝ።

ምሳ የበቆሎ ኩርኩፋ በሚያቃጥል ዳጣ ነበር። እትዬ ብርቄ፣ የሰናይት እናት፣ እዚያው ማንጎው ሥር አቀረቡልኝ። እጄ ግራሶ በግራሶ ስለሆነ ቤት ግባ አለመባሌ አልገረመኝም።

ረቡዕ

ወጣ! የተሰበረውን ብሎን ሌሊቱን ናፍጣ አጠጥቼው አደረ። ጠዋት መሮ ደግኜ በመዶሻ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ክንዴ ዝሎ ሊቆረጥ ሲደርስ ዞረልኝ። ጋሽ አንጁሎ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «መዶሻ አያያዝህ ደስ ይላል» አሉኝ። እንደ ልጅ ፊቴ በራ። ከእሳቸው አንድ ደግ ቃል ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቱርቦው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንጉን በጣቴ ብነካው እንደሚወልቅ ጥርስ ይወዛወዛል። ማራገቢያው ከብረት ቤቱ ጋር እየተፋጨ ጠርዙ ተበልቷል። ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቧንቧ ደግሞ ከውስጡ ከሰል ሆኗል፤ ሽቦ አላስገባ ብሎኛል።

«ጋሼ፣ ዳገት ጨርሰው እንደቆሙ ነበር ሞተር የሚያጠፉት?»

«ታዲያ ናፍጣ በነፃ ይሰጡኛል?»

ቱርቦው ግሎ ሳለ ሞተር ሲጠፋ ዘይት መምጣቱን ያቆማል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት ይከስላል፣ ይደፍናል። ትንሽ አቆይቶ ማጥፋት ብቻ ይበቃ ነበር። ይህን ነገርኳቸው። አፌን መያዝ ነበረብኝ። «አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ጨንቻ የወጣሁት!» ብለው ተነስተው ገቡ። እውነታቸውን ነው፤ ቧንቧው ግን እንደተደፈነ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልተወው ብዬ ነበር። ውሃ ስጠይቅ እትዬ ብርቄ የሚያቀርቡልኝ አጥሩ ሚስማር ላይ በተንጠለጠለ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ጠጥቼ ስጨርስ ወደ ቤት አያስገቡትም፤ ውሃ አፍስሰውበት እዚያው ሚስማሩ ላይ ይሰቅሉታል። ከሰዓት ጎረቤታቸው ከሙዝ ማሳው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ለእሱ ከቤት ብርጭቆ ወጣለት።

ሐሙስ

ዛሬ አልሄድኩም። ማታ ኩባያውን እንደ ቀልድ ለእማዬ አውርቼላት ነበር። አልሳቀችም። «ለብቻው የተቀመጠ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። የቀረውን ጠዋት ቁርስ ላይ ነገረችኝ።

አያቴ ደጋ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ይህንን አውቃለሁ፤ ስለ ሙቀት ሳስተምር ለተማሪዎቼ በኩራት አወራዋለሁ። የማላውቀው የቀረውን ነው። አገሬው በእሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእሱ ማጭድ ያጭዳል፣ በእሱ ቢላዋ ያርዳል፤ እሱ ግን ከሰው ቤት አይገባም። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ላይ አይቀመጥም። ሲሞትም ከሌላው ጋር አልተቀበረም። «ደጋላ» ይሏቸዋል እንዲህ ያሉትን። እነ ጋሽ አንጁሎ «ማላ» ናቸው፤ ባለ መሬቶቹ። አባቴ ወንጌላዊ ሆኖ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ነገሩን ተራራው ላይ ጥሎት የመጣ መስሎት ነበር። እስኪሞት ድረስ «ደጋላ» የምትለዋን ቃል ቤት ውስጥ አንስቷት አያውቅም።

ጋሽ አንጁሎ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የጌታ እራት ሲኖር ሰሃኑን ይዞ የሚዞረው እሱ ነው። ከእጁ ቁራሽ ተቀብዬ በልቻለሁ። «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጉባኤው ያያል። ግቢው ውስጥ ማን ያየዋል?

«መዶሻ አያያዝህ ደስ ይላል።» እኔ ጅሉ ደግሞ ሌሊቱን ሳስባት አደርኩ።

እማዬ «ተወው ልጄ፣ አገር ሞልቷል ሴት» አለችኝ። አልተወውም አልኳት። ለሰናይት ስል ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ግን ደግሞ ያቺን መኪና አስነስቼ ሰውዬው አፉን ሲከፍት ማየት እፈልጋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱታው ቀርቷል።

ዓርብ

ረቡዕ በስልክ ያዘዝኩት ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሰ። የቱርቦው ልብ ነው፤ ዘንጉና ማራገቢያዎቹ አንድ ላይ። ከውጭ ያለው ቀንድ አውጣ የሚመስል ቤቱ የድሮው ይሆናል። ቀን ሙሉ ሳጥብ፣ ስፍቅ፣ ስገጥም ዋልኩ። የተደፈነውን የዘይት ቧንቧ ጥዬ በአዲስ ቀየርኩት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ። የዘይት መግቢያው ላይ የሲሊኮን ማሸጊያ እንዳልቀባ ቪዲዮው አስጠንቅቆኛል፤ ፍርፋሪው ገብቶ መልሶ ይደፍነዋል። ጋሽ አንጁሎ «ሲሊኮን ካልተቀባ ያፈሳል» ብሎ ቱቦውን አመጣልኝ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሰናይት ከሥራ መጣች። የዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በእግሯ ሦስት ደቂቃ ነው። እጄን ልታስታጥበኝ ጆግ ይዛ መጣች። እዚያው ጠየቅኋት። ኩባያውን ታውቂያለሽ ወይ?

አወቀች። ሳልጨርስ ነው ያወቀችው፤ ዓይኗ ወደ አጥሩ ሄደ።

«አባዬ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ይለወጣል። መኪናዋን ሲያያት ይለወጣል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጤ የለም፣ ታውቃለህ።»

«ከሌለሽማ በእሱ ኩባያ ጠጪ።»

ምን ነካኝ? ግን አልኳት። ሰናይት ኩባያውን አየች፣ የማድ ቤቱን በር አየች። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሰናይት ጆጉን መሬት አስቀመጠች፤ «እንዲህ አታስጨንቀኝ» ብላ እያለቀሰች ገባች። እኔ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። እሷን በማስለቀሴ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲቀላ ቤቴ ስደርስ አፈርኩ።

ቅዳሜ

ተነሳች!!

መጀመሪያ ቱርቦው ውስጥ በእጄ ዘይት አንቆረቆርኩ። የናፍጣውን መዝጊያ ሽቦ ነቅዬ በማስነሻው ሞቶሪኖ ብቻ አዞርኳት፤ ሳትነሳ ዘይቱ እንዲደርስላት። ደገምኩት። ሽቦውን መለስኩ። ጋሽ አንጁሎ መሪው ላይ፣ እኔ ኮፋኖው ሥር። ቁልፉን አዞረ። አንድ ጊዜ አነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ያዘች። ነዳጅ ሲሰጣት ያቺ ቀጭን ፉጨት መጣች። ሰማያዊ ጭስ የለ፣ ፍሳሽ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጋሽ አንጁሎ ወርዶ ኮፋኖውን እንደ በሬ ሻኛ ደባበሰው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወደ እኔ ዞረ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ድሮም ብረት የእናንተ ነው! ይኸው፣ አያትየው እጁ ላይ አሉ!» አለ።

ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ በታወቀ ነገር እንደሚሳቀው ነው። እትዬ ብርቄ አንገቷን ደፋች። እኔም ፈገግ ብዬ ቀረሁ። ያ ፈገግታ እስካሁን ጉንጬን ያመኛል።

አሁን ገባኝ። ባላስነሳት ኖሮ «እጁ የማይሠራ» ነበርኩ። አስነሳኋት፤ ደጋላ ሆንኩ። ሰውዬው ከመነሻው የሚያሸንፍበትን ፈተና ነው የሰጠኝ። ይህን አስቦ አደረገው ወይስ እንዲያው ተፈጥሮው ነው? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ነገ ከጸሎት በኋላ ጨንቻ እንወጣለን። ወንድሞቹ መኪናዋን እንዲያዩለት። «ያኔ እናወራለን» ያለውን አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳውም።

እሑድ

አውቄ ነው የሄድኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ጋቢናው ውስጥ እሱ፣ እትዬ ብርቄና ሰናይት ተቀመጡ። እኔ ኋላ ጭነቱ ላይ። «ድምጿን እያዳመጥክ ናልኝ» አለኝ። አዳመጥኩ። ዳገቱን ያለ ልመና ወጣችው፤ ከፊታችን የነበረውን አይሱዙ ቀድማ አለፈችው። ዶርዜን አልፈን ጉሙ ውስጥ ስንገባ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እንኳ ኮራሁባት። የእኔ ሥራ ናት።

የትውልድ መንደሩ ከጨንቻ ትንሽ ይርቃል። ወንድሞቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው ወጡ። ጋሽ አንጁሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ አቆየና፣ «ቱርቦ ወዲያው አይጠፋም፣ ዘይቱ ይከስላል» ብሎ አስተማራቸው። ከማን እንደሰማው አልነገራቸውም።

ታላቅ ወንድሙ ወደ እኔ ጠቁሞ በጋሞኛ ጠየቀው። ጋሞኛ የማልሰማ መስሎታል። «ማን ነው?» አለ። ጋሽ አንጁሎ የአያቴን ስም ጠራለት። የእኔን አልጠራም። ሽማግሌው ፊቱ በራ፤ ከልቡ ነው የበራው። «የእሱ ልጅ ልጅ! አያቱ የሠሩት ዶማ እኮ እስካሁን አለኝ!» አለና ወደ ቤት ገባ።

ዶማውን ይዞ ወጣ። የደነዘ። እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሌላኛው ማጭድ አመጣ። ሴቶቹ ቢላዋ፣ አንዱ ጎረቤት መጥረቢያ። ክምር ሆነ። የመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ሞረድ እንዳለኝ ጋሽ አንጁሎ ነገራቸው። ማንም አልሰደበኝም። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ አንድ የጎደለ ነገር የተመለሰላቸው ይመስላሉ። እኔ ቆሜያለሁ። «አስተማሪ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ ምን ዋጋ አለው ብዬ ዘጋሁት።

ሰናይት ከአክስቷ ቤት ወጣች። ወደ እኔ ነው የምትመጣው። አሁን ትናገራለች፣ አሁን «እጮኛዬ ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀረበች። እጇ ላይ ቢላዋ አለ።

«አክስቴ ናት... ይቺን ብቻ፣ ካላስቸገረህ» አለችኝ። አላየችኝም።

የሌሎቹን አልነካሁም። የእሷን ተቀበልኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሞረዱን አወጣሁ፣ ሳልኩት። ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ። አውራ ጣቴ ላይ ስሞክረው ደም ወጣ። ተነስቼ እጀታውን ወደ እሷ አድርጌ ሰጠኋት።

«ስለታም ነው። ለሰርግሽ በሬ ማረጃ ይሆንሻል።»

ፊቷ አመድ ሆነ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ጋሽ አንጁሎ ከኋላዬ «መምህር! መምህር! ሥጋ አለ እኮ!» እያለ ይጣራል። ጨንቻ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ለእማዬ ጨንቻ ብርድ ነበር ብቻ አልኳት።

ሰኞ

ጠዋት ሰናይት መጣች። ሥራ ቀርታ ነው። ጓዳ ሆኜ ድምጿን ሰማሁ። እማዬ «የለም» አለቻት። «እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ እማማ» አለች። እማዬ ግቢ አላለቻትም፤ እሷም ልግባ አላለችም። የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

እማዬ መጥታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩባት፣ አይሆንም።

ጋሽ አንጁሎ ሁለት ጊዜ ደወለ። በሦስተኛው አነሳሁለት። መኪናዋ ስትወርድ አንዳችም ችግር አላሳየችም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ምነው ሳትበላ ሄድክ አለኝ። ስለ ሰናይት ቃል አልተነፈሰም። ዘይቱን በየስንቱ ልቀይር ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በትክክል ነው የነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዓባያ በኩል ደመናው መጥቶ ማካፋት ጀምሯል። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ትናንት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ! አንድ ቃል። እኔስ የቢላዋዋን ነገር ባልናገር ኖሮ። ጎረቤት እያያት ነው፤ የአንጁሎ ልጅ የእኛ ደጃፍ ላይ ዝናብ እየመታት። እስካሁን አልሄደችም።

እማዬ «ልክፈትላት?» አለችኝ፤ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ። ብዕሬን አላስቀመጥኩም። ይህን ሁሉ የምጽፈው እንዳልነሳ ነው።