ቀንበር የተሸከመች ሸ

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፴

ዛሬ ፀሐይ ወጣ። ጭጋጉ ሳይመለስ ብዬ የባሌን የኪዳነ ማርያምን ሣጥን ወደ ደጅ አወጣሁ። ደብዳቤዎቹ በዓመት አንዴ ፀሐይ ላይ ካልተሰጡ ብል ይጨርሳቸዋል። ሰሌን ላይ ዘረጋኋቸው… የራሶች፣ የደጃዝማቾች፣ የአንድ ጳጳስም አለ። ማኅተማቸው አናታቸው ላይ። ባሌ የደጃዝማቹ ጸሐፊ ሆኖ ሲኖር ሌላው የሚጥለውን ደብዳቤ ሁሉ እየለቀመ ያመጣ ነበር። «ሰውዬው ይሞታል፤ እጁ ይቀራል» ይላል። ይኸው እሱም ከሞተ ስምንት ዓመት።

ጎረቤቴ ደመቀች በአጥር አየችኝና ሳቀች።

«አስካለ፣ ወረቀትም እንደ ብቅል ይሰጣል?»

«ይሰጣል።»

«እንግዲያ ጠላው ሲደርስ ጥሪኝ!»

ስለ ልጇ ስለ ወልደተንሣኤ ጠየቅኋት። «ደነባ ነው፣ ይነግዳል» አለች። ቶሎ አለችው። ምን ይነግዳል? ከብዕርና ከቀለም ሌላ የማያውቅ ልጅ… ዱር ለገቡት ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። አልጠየቅሁም።

ከሣጥኑ ሥር ያለችውን ደብዳቤ ዛሬም አላወጣኋትም።

ኅዳር ፭ ቀን

ሰው መጣብኝ። ወልደአረጋይ ይባላል። ደብረ ብርሃን ለጣሊያኖቹ ያስተረጉማል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ጫማው አቧራ አልነካውም። በበቅሎ ነው።

«እመይቴ፣ አለቃዬ የትልልቅ ሰዎች ደብዳቤ ይሰበስባል። ማኅተም ይወዳል። አገሩ ወስዶ በመስተዋት ያኖረዋል።»

«የሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?»

«ፍቅር ነዋ! ውሻ የሚወድ ሰው የለም?»

ሳሙና አወጣ። እምቢ ማለት ፈራሁ። ትልቅ ማኅተም ያለበትን የአንድ ራስ ደብዳቤ መረጠ። ከዚያ ሣጥኑን ሲበረብር ቆይቶ አንዲት ብጣሽ አነሳ፤ ማኅተም የላት፣ ስም የላት፣ የገብስ ጉዳይ የተጻፈባት። «ይቺንም ይመርቁልኝ።»

ሲወጣ ዘወር አለ። «ማንበብ ይችላሉ እመይቴ?»

«ኧረ እኔ ምኑን!»

ለምን ዋሸሁ? እንጃ። ዓይኑን ስላልወደድሁት።

ኅዳር ፮ ቀን

ሳሙናውን አልነካሁትም።

ማኅተም የሚወድ ሰው ማኅተም የሌላትን ብጣሽ ምን ያደርጋታል? ስፈትል ዋልሁ፣ ስጠይቅ ዋልሁ። ማን ነበር የጻፋት?… ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ። ወልደተንሣኤ ነው። ባሌ ጽሕፈት ሲያስተምረው። ልጁ «ሸ» ሲጽፍ በላይዋ ያለችውን መስመር ግራና ቀኝ ያጎብጣታል። ኪዳነ ማርያም በመቃ ጣቱን ይመታዋል። «ይህ ሸ ነው ወይስ ቀንበር?» ልጁ ይስቃል፤ መልሶም ቀንበር ይጽፋል።

እስከ ዛሬ አልተወው ይሆን?

ኅዳር ፲ ቀን

አሊዩ አምባ ገበያ ወረድሁ። ለጥጥ ብዬ… ጥጡ ሰበብ ነው። ዓወልን ፈልጌ ነው። ከባሌ ጊዜ ጀምሮ የምናውቀው ነጋዴ ነው፤ የመንገድ ወሬ ሁሉ እሱ ጋ ያድራል።

«ያ ባለ ጫማው? ወላሂ እኛም ጋ መጥቷል! የሸኾቹን የጥንት ደብዳቤ አወጣንለት፤ ማኅተሙ ይኼን የሚያህል። ዞሮም አላየው። ‹በዚህ አገር የአማርኛ ጽሕፈት የሚያውቅ ማን ነው?› ብቻ ይላል።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«እኔ ሚዛን እንጂ ፊደል አላውቅም አልሁት።» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስካለ እህቴ፣ ማር ፈላጊ ነኝ ይላል፤ የሚጠይቀው ግን ንቡ የት እንደሚያድር ነው።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ኅዳር ፲፫ ቀን

ተመልሶ መጣ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። የገብሷን ብጣሽ አወጣ። ከደረት ኪሱ ደግሞ ሌላ ወረቀት… አዲስ፣ ዳሩ በደም የጠቆረ። ሁለት መስመር ብቻ እንዲታይ አጥፎ ከብጣሿ ጎን አኖረው። ጽሑፉን ወደ ራሱ አዙሮ። እኔ ከፊት ለፊቱ ነኝ፤ ምን ታያለች ብሎ?

እኔ ግን ፊደልን የተማርሁት በግልባጩ ነው። ኪዳነ ማርያም ልጁን ሲያስተምር ከወዲያ ማዶ ቁጭ ብዬ እየፈተልሁ። አነበብሁት። «…ከሸዋ የመጡት ሰዎች ተሸሽገው…» ይላል። ሸዎቹ ሁሉ ቀንበር ተሸክመዋል።

«ይቺን የገብሷን ማን ጻፋት?»

«ባሌ ነዋ።»

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ስምንት ዓመት ሆነው።»

ፈገግ አለ። «እንግዲያ መቃብር ውስጥም ቀለም አለ ማለት ነው።»

ለጽዮን ዕለት ሰው ይዞ ይመጣል። ሣጥኑን ሙሉ ሊወስድ። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ የልጁ እጅ ከነስሙ አለ።

ኅዳር ፲፭ ቀን

ለደመቀች ነገርኋት። አላመነችኝም።

«በሳሙና ልጄን ሸጥሽው?» አለች። «ደግሞስ ዓይኔ ደከመ፣ ማንበብ ትቻለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ዓይኔ አልደከመም። ለምን እንደተውሁ መንገር ነበረብኝ። ከሣጥኑ ሥር ያለችውን አወጣሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ትልቁ ልጇ ታመነ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ጓደኛው ደብዳቤ ላከ። ኪዳነ ማርያም ከጌታው ጋር ቆላ ወርዷልና እኔ ዘንድ አመጣችው። ማንበብ በመቻሌ ኩራት ነበረኝ ያኔ… «ታመነ ታመመ። ሊያይሽ ይፈልጋል» ይላል ደብዳቤው። ውሃ ነክቶት ፊደሉ ፈሷል። ጸሐፊው ተሳስቶ ስሙን የደገመው መሰለኝ። ታመነ ታመነ። አንዱን ዘለልሁት። «ታመነ ሊያይሽ ይፈልጋል» ብዬ አነበብሁላት። «ታዲያ ይምጣ እንጂ፣ እግር የለውም?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

በወሩ መርዶው መጣ። ደብዳቤውን እንደገና ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገርኋት። አላለቀሰችም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች።

«የቷ ናት ‹ታመመ›?»

አሳየኋት። ጣቷን ወደ እሷ አዛወረች።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ነበር» አለች። «እናቱ ዘንድ መምጣት የከበደው ልጅ እያልሁ…»

ደብዳቤውን መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ደህና ዋይ ሳትለኝ ወጣች።

ኅዳር ፲፮ ቀን

ቤቷ ዝግ ነው። በጓ እኔ ደጃፍ ታስራለች።

ኅዳር ፲፰ ቀን

የወልደተንሣኤ ስም ያለባቸውን አቃጠልሁ። የገብሷ ግን ሰውዬው ኪስ ውስጥ ናት። እሷን ማን ያቃጥላታል? ደመቀች ልጇን ልታስጠነቅቅ ይዛው የሄደችው መልእክትስ ደርሶት ይሆን? ባይደርስስ?…

አንድ እጅ ነው የሚፈልገው። ብዙ እጅ ልስጠው።

ጥላሸት በጥብጬ ቀለም አቀጠንሁ። መቃ ቀረጽሁ። ሸ ባገኘሁበት ሁሉ መስመሯን ግራና ቀኝ አጎበጥኋት። የራሶቹን። የጳጳሱን። የደጃዝማቹን… ባሌ በእጁ የጻፋቸውንም። ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን በአንድ ቀን አበላሸሁበት። «ይህ ሸ ነው ወይስ ቀንበር?» ሲለኝ ሰማሁት። ቀንበር ነው ኪዳነ ማርያም። ማረኝ።

ሲያልቅ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። እንደ ብቅል።

ኅዳር ፳፩ ቀን

መጣ። ሁለት ባንዶች ይዞ። ሣጥኑን ደጅ አውጥቶ አንድ በአንድ ከዚያች ባለ ደም ወረቀት ጋር አስተያየ። እኔ በጓን ሣር አበላለሁ። ጥላሸት ያልለቀቀው እጄ እንዳይታይ።

«ይኼም… ይኼም… የጳጳሱም?» ፊቱ ጠቆረ። «የሸዋ ጸሐፊ ሁሉ አንድ እናት ናት እንዴ የወለደችው?»

አንዱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ጥላሸት ይሸታል።»

«ቤቱ ሁሉ ጥላሸት ነው ጌታዬ። እኔንስ ቢያሸትቱኝ ምን ልሸት ኖሯል?»

አንደኛው ባንዳ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«እመይቴ፣ ማንበብ አልችልም ነው ያሉኝ?»

«አሰጣቸዋለሁ እንጂ የሚሉትን በምን አውቄ!»

ያችን ባለ ደም ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሣጥኑን አስጭኖ ሄደ። አመነኝ? አላመነኝም። የማንን እጅ እንደሚፈልግ ግን አሁን አያውቅም።

ሣጥኑ የነበረበት ቦታ መሬቱ ነጥቶ ቀርቷል።

ታኅሣሥ ፪ ቀን

ደመቀች ተመለሰች። ልጇን አላየችውም፤ ቃሏን በሰው በሰው ልካ፣ መልሱም እንዲሁ መጣላት። በጓን ፈትታ ወሰደች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ገባችና ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«አንብቢልኝ።»

«ሌላ ሰው ቢያነብልሽ…»

«ሌላ ሰው አልሁሽ?»

ዘረጋሁት። ሸዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለዋል። ቀንበሩን አውርዷል። «እናቴ ሆይ፣ ምክርሽ ሳይመሽ ደረሰኝ። እጄን ለውጫለሁ…» ቀጥሎ አንዲት ቃል። ላቧ ነክቷት ፈሳለች። ቆምሁ።

«ይቺን አላወቅኋትም» አልሁ።

ይህን ለማለት አሥራ አንድ ዓመት።

ደመቀች አጠገቤ ተቀመጠች። ፊደል አታውቅም። ግን ጣቷን ቃሏ ላይ አኖረች። «እንዳትዘልያት።»

በር ላይ ወጥተን ለፀሐይ ያዝናት። አልሆነም። ወረቀቱን ገለበጥሁት፤ መጀመሪያ እንደተማርሁት፣ በግልባጩ። በ… ግ… ሽ… ን። «በግሽን አትሽጪ። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

«ይሄ ሆዳም!» አለች። ሳቀች። ዓይኗ ሞልቷል። ወረቀቱን ተቀብላ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

መሄጃዋ መስሎኝ ነበር። እጇን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ሰደደች። የታመነ ደብዳቤ ናት።

«ይቺንም አንብቢልኝ። እንዳለ።»

ሁለቱንም ቃል አነበብሁላት።