በጠጠር ላይ ያበበ ሕይወት

ሰፈሩም የሠሩበት ሆስፒታልም «እትዬ ጠጠር» እያለ የሚጠራቸው እህታችን፣ ከድንጋይ ጠራቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የካቲት 11 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ የእናታቸው የስፌት መኪና፣ በሌላው የቀረው ኑሮ ሁሉ። ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት ከአባታቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ውሃ የሚይዘውን ድንጋይ ከሚያሳልፈው መለየት ለመዱ። ይህ እውቀት ኋላ የት እንደሚያደርሳቸው ያኔ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የእናታቸው ዓይን ሲደክም ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርታቸውን አቋረጡ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ስድስት ዓመት በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠሩ። አራቱ ጫፍ ያልገጠመ አንሶላ ከእጃቸው አይወጣም ነበር። በረኪናው እጃቸውን ልጦት ነበር፤ ስለ እጃቸው ግን አንድ ቀንም አማርረው አያውቁም።

በ1967 ዓ.ም. የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር አገቡ። እሳቸው ዝግ ያሉ፣ ባለቤታቸው ቸኩለው የሚበሉ ቸኩለው የሚስቁ ስለነበሩ ጎረቤት «የዚህ ቤት ነዳጁ እሱ፣ ፍሬኑ እሷ» ይል ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1988 ዓ.ም. አንድ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይና አንዲት አዋላጅ ካሉባቸው ሰባት ሰዎች ጋር የአትክልተኞች ክበብ መሠረቱ። ቦታው ከማጠቢያው ክፍል ጀርባ፣ የሕንፃ ፍርስራሽ የሚደፋበት ተዳፋት ነበር። ሌላው ፍርስራሹን ሲያማርር እሳቸው በደስታ አሸበሸቡ፤ አባታቸው እንዳስተማሯቸው ድንጋዩን እየመረጡ ያለ ሲሚንቶ ደረደሩት። ጠጠሩን በትራስ ልብስ ቋጥረው በሥራ ቦታቸው ማሽን ሊያጥቡትም ሞከሩ። አለቃቸው «ይህ ማሽን ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚንኳኳው?» ብለው ሲከፍቱት፣ ስማቸው በዚያው ወጣ። ማሽኑንም በራሳቸው እጅ አጽድተው ይቅርታ ጠየቁ።

በ1995 ዓ.ም. ባለቤታቸው የአውቶቡሱን ሞተር ለማቀዝቀዝ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ሲቆሙ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሐምራዊ አበባ የተነሰነሰባት፣ እንደ ትራስ ጥቅጥቅ ያለች፣ ከጡጫ የማትበልጥ ተክል አዩ። በመልስ ጉዟቸው ዘሯን በቲኬት ወረቀት ጠቅልለው አመጡና «ሥሯን አልነካሁም፤ ዘሯን ብቻ ነው የለመንኳት» ብለው ሰጧቸው። በዓመቱ ሹፌሩ አረፉ። ባለቤታቸው ያዩአትን አበባ በዓይናቸው ማየት የእህታችን ትልቁ ምኞት ሆነ። ዘሩ ብርድ እንዲያገኝ በጣሳ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡት፤ የቤቱ ሰው ቅመም መስሎት እንዳይነሰንሰው ጣሳው ላይ «አይበላም» ብለው ጻፉበት።

በ1998 ዓ.ም. ዘሩን በዘሩበት ሰሞን ክሽክሽ የተባለ ቅጠል መጣጭ ተባይ የክበቡን ጽጌረዳ ወረረው። የክበቡ ሊቀመንበር የሆኑት የሒሳብ አስተማሪው መርዝ ተገዝቶ ይረጭ አሉ፤ ብዙዎችም ተስማሙ። በስብሰባ ተናግረው የማያውቁት እህታችን ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን እጅ ያየ ሰው መርዝ ግዙ አይልም። ሦስት ዓመት ስጡኝ። አትክልቱ ካልጠና፣ ይህች ተክልም ካላበበች፣ በአንገቴ ያንጠለጠልኩትን የአትክልቱን በር ቁልፍ አስረክቤ እወጣለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ የድንችና የሙዝ ልጣጭ ሁሉ ወደ ብስባሽ ጉድጓዳቸው ገባ። የጣሪያውን ዝናብ በበርሜል አጠራቀሙ፤ ቀንድ አውጣውን በማለዳ በእጃቸው ለቀሙ፤ ክሽክሽ የምትበላውን ነጠብጣባም ጢንዚዛ እንደ እንግዳ ተቀበሉ። ጽጌረዳው ጠና። በ2001 ዓ.ም. ያቺ ተክልም እምቡጥ ያዘች።

በዚያው ሳምንት የወለደች ልጃቸውን ለማረስ አሥር ቀን ርቀው ሄዱ። ይህች ተክል ሥሯ ከረጠበ ትሞታለችና «አደራ፣ ማንም እንዳያጠጣት» ብለው ነበር። ሲመለሱ ጠቁራ፣ በስብሳ አገኟት። ሊቀመንበሩ «ተባይ ነው፤ ብለን ነበር» አሉ። እህታችን ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። ፀሐዩ ከረረና አሳዘነችኝ፤ በየቀኑ አንዳንድ ጣሳ ብቻ ነው ያጠጣኋት።» አዋላጇ ደንግጣ «አንተም?» አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ አመኑ፤ ለካ እያንዳንዱ «ሰው ረስቷት ነው» እያለ በየቀኑ በድብቅ ሲያጠጣት ኖሯል። መጨረሻ ላይ የሒሳብ አስተማሪው ወደ ጣሪያ እያዩ «ሰባት ሰው፣ አሥር ቀን... ሰባ ጣሳ» አሉ። የራሳቸውንም ጣሳ ቆጥረው ነበር። መጀመሪያ የሳቁት እህታችን ናቸው። ሊቀመንበሩ ቁልፉን አንሥተው በሁለት እጃቸው መለሱላቸው፤ መርዝ የሚባል ነገርም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር አልገባም።

የተረፈውን ዘር በድንጋይ ግድግዳው ስንጥቅ፣ በጠጠር ውስጥ ዘሩት። አጠገቡም «ውሃ ጠጥታለች። እባክዎ ይለፉ።» የሚል ሰሌዳ አቆሙ። በ2005 ዓ.ም. ግድግዳው ሐምራዊ ሆነ። እህታችን የባለቤታቸውን የሹፌር ኮፍያ አድርገው መጥተው አበባዋ ፊት በርከክ አሉና «ውሸትህን አልነበረም» አሉ። ከዚያ በኋላ የሌሎች ሰፈሮች ክበቦች ዘር ሊለምኑ ተሰለፉ፤ ሆስፒታሉም በግቢው መርዝ መርጨት አቆመ። ያ የፍርስራሽ መድፊያ ዛሬ በሽተኞች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ክበቡ ከአበባዋ አንዷን በድንጋይ ገንዳ ተክሎ መስኮታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ጠያቂ በገባ ቁጥር ከእግዜር ይማርዎ በፊት «ያጠጣት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ይቀበለው ነበር። ባረፉበት ሳምንት አበባዋ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ፈክታ አዩአት። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለሒሳብ አስተማሪው የሰጡትም ያኔ ነው፤ ሰውየውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታላቅ እህት፣ አንዲት ታናሽ እህትና ይህን የጻፈ ታናሽ ወንድም ትተዋል። ከቀብር ስትመለሱ የአትክልቱ በር ክፍት ነው፤ ገብታችሁ እዩአት፤ ዘሯም በር ላይ ይታደላችኋል። ብቻ አደራ፣ ጠጥታለች።

ለስንቱ በር ሲከፍቱ የኖሩትን እህታችንን፣ ቁልፍ በማያሻው በሩ እግዚአብሔር ያስገባልን። አሜን።